የደን መሬት በካርታና በባላገር ምክር ስለሚመደብበት ሥርዓት
(በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ምሳሌነት)

የደን መሬት ለመመደብና ለመጠበቅ የታዘዘ ሹም አስቀድሞ ሁለት ነገር በእጁ ሊያደርግ ይገባዋል፤ አንደኛው የመሬቱ ትክክለኛ ካርታ ነው፥ ሁለተኛውም በመሬቱ የሚጠቀሙት ሰዎች ቃል ነው። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ፥ በወረቀት ላይ የተሰመረው ወሰን ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳል፤ እንዲህ ያለው ነገር በወሎ አገር በዓይን ታይቷል። ይህንን ትምህርት የምናቀርበው ለዞን፥ ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፥ እንደዚሁም ለመሬት ባለይዞታዎች ሲሆን፥ ምሳሌ አድርገን የምንወስደው በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለውን ደጋ ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የወረደ መንገደኛ ወደ ዓባይ በረሓ ይገባል፤ ወደ ሳይንትና ወደ ለጋምቦ የወጣ ደግሞ ከውርጭ አገር ይደርሳል። ስለዚህ በጥቂት ቀን መንገድ ውስጥ ቆላውን፥ ወይና ደጋውን፥ ደጋውንና ውርጩን ማየት ይቻላል፤ የዛፉም ዓይነት እንደ ከፍታው ይለዋወጣል። በታችኛው ወገን ወይራና ክትክታ፥ በመካከለኛው ጥድ፥ ጥቁር እንጨት፥ ወልከፋና እምቡስ፥ ከዚያ በላይ ኮሶና አሜጃ፥ ከሁሉም በላይ አስታ፥ ጅብራና ጓሳ ሣር ይታያል።

ከዚህ አገር ደን ሁሉ ስሙ የታወቀው ደንቆሮ የሚባለው ጫካ ነው፤ ስሙ ለእንግዳ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም አገሬው ያለ ክፋት እንዲሁ ይጠራዋል። ይህ ጫካ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። በመጀመሪያ ስፋቱ ከ4,300 ሔክታር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በኋላ የወረሂመኖ ደጋ ሲጨመርበት ከ15,000 ሔክታር በላይ ሆነ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጭላዳ ዝንጀሮ፥ ድኩላ፥ ሰስና ነብር ይኖሩበታል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘውና ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮም በዚያ ይገኛል። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ስለ ፓርኩ ብቻ አይደለም። ፓርኩ የራሱ ሕግና የራሱ ጠባቂ አለው፤ በውስጡ ያለውን እንጨትና ግጦሽ የወረዳ ሹም ከቀበሌ ጋራ ተዋውሎ ሊሰጥ አይችልም። የወረዳው ሹም ምክርና ልክ የሚያስፈልገው በፓርኩ ጠርዝና ከፓርኩ ውጭ ባለው ዳገት፥ ገደላ ገደልና የወል መሬት ነው፤ በዚያ ያለው ደን የተዳከመ እንደ ሆነ፥ ማገዶና ሣር ፈላጊው ሁሉ ወደ ፓርኩ ያቀናልና።

አሁን በወሎ የሆነውን እንመልከት። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የዛፉና የግጦሹ ነገር በባለ ርስት፥ በባለ ጉልትና በጭቃ ሹም እጅ ነበረ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፥ ባለ መሬቱ ከነጥቅሙ ቀረ፤ የጥበቃውም ልማድ አብሮ ቀረ፤ በምትኩ የገበሬ ማኅበር ተተካ። ከዚያ አስቀድሞ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ በኋላም በ1977 ዓ.ም. ወሎን ታላቅ ራብ ስላገኘው፥ መንግሥትና የውጭ ረጂዎች በስንዴና በዘይት ደመወዝ እርከን እንዲሠራ፥ ተራራው ከከብት እንዲከለከል፥ ችግኝም እንዲተከል አደረጉ። ሥራው እጅግ ብዙ ነበር፤ በጎ ፍሬም አልጠፋውም። ዳሩ ግን ክልክሉን የሚያሰምረው ባለሙያ ከላይ ታዝዞ ይመጣል እንጂ፥ ያ ተራራ የማን ከብት መዋያ እንደ ነበረ፥ ሴቶች ጭራሮ ከየት ይለቅሙ እንደ ነበረ፥ ዛፉ ሲደርስ የማን እንደሚሆን ለባላገሩ የሚነግረው አልነበረም። ባላገሩም «ይህ የመንግሥት ነው» ብሎ ተወው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በወሎ በብዙ ስፍራ የተተከለው ደን በጥቂት ወራት ተቆረጠ፤ ክልክሉም ለከብት ተከፈተ። የቆረጡት ሰዎች የዛፍ ጠላቶች አልነበሩም፤ በዚያው ዘመን በየጓሮአቸው የተከሉትን ባሕር ዛፍ ጠብቀው አሳድገዋል።

ከዚህ ጋራ ሊነጻጸር የሚገባው የጓሳ ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ያለው የጓሳ ደጋ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ለታወቀ ጊዜ ለባለ መብቶች ብቻ ይከፈታል፤ አለቃውም በባለ መብቶቹ የተመረጠ ነበር፤ ሕጉን ያፈረሰ ቅጣት ይቀበላል። በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የዘር መብቱ ሲቀር ሥርዓቱም ተናወጠ፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ በኋላ ከየቀበሌው ወኪል አውጥቶ ጥበቃውን አደሰው፤ ጓሳ ዛሬም አለ። ዘሩን መሠረት ያደረገው መብት ለዛሬ ዘመን የሚስማማ ነው አንልም፤ ከጥቅሙ የተገለሉ ብዙዎች ነበሩና። ነገር ግን ማን እንደሚጠቀም፥ መቼ እንደሚጠቀም፥ በስንት ልክ እንደሚጠቀም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ለወሎ ክልክል የጎደለው ይህ ነበር።

ስለ ካርታው እንናገር። ሹሙ ራሱ ካርታ አንሺ መሆን አያሻውም፤ ነገር ግን የቀረበለትን ካርታ አንብቦ መጠየቅ ይገባዋል። በአገራችን ለዚህ ሥራ የሚስማማው የ1 ለ50,000 ካርታ ነው፤ በርሱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦታም 25 ሔክታር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ካርታ ላይ በወፍራም እርሳስ የተሰመረ ወሰን ብቻውን ከ30 እስከ 50 ሜትር መሬት ይሸፍናል፤ ይህም የአንድ ድኻ ገበሬ ማሳ ወርድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ክርክር ከዚህ ይነሣልና፥ የወሰኑ መጨረሻ ልክ በመሬቱ ላይ በችካልና በድንጋይ ክምር እንጂ በዚህ ካርታ አይቆረጥም።

የዳገቱን ልክ ግን ካርታው በደኅና ይነግራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 456 ቁልቁለቱ ከ60 በመቶ የሚበልጥ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፥ ለዛፍ፥ ለቋሚ ተክልና ለከብት መኖ እንዲሆን፥ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለውም ጠረጴዛማ እርከን ተሠርቶለት ብቻ ዓመታዊ ሰብል እንዲዘራበት ደንግጎ ነበር። ይህ ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ዐዋጅ ቢተካም፥ ልኩ ለመሬት ምደባ ሥራ ዛሬም ጥሩ መለኪያ ነው። በ1 ለ50,000 ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮች ብዙውን ጊዜ በ20 ሜትር ልዩነት ይሳላሉ፤ ልዩነቱ ከካርታው ግርጌ ተጽፏልና አስቀድሞ ይነበብ። በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 15 የመስመር ልዩነቶች የተቆጠሩ እንደ ሆነ፥ በ500 ሜትር መንገድ 300 ሜትር ወረደ ማለት ነው፤ ይህም 60 በመቶ ነው። ሰባት ወይም ስምንት የተቆጠሩ እንደ ሆነ 30 በመቶ ያህል ነው። ካርታ በሌለበት ደግሞ 2 ሜትር ገመድ በውሃ ልክ አስተካክለው ቁልቁል ይዘርጉት፤ ከገመዱ የታችኛ ጫፍ እስከ መሬት ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 30 በመቶ፥ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 60 በመቶ ነው። ይህን ማንኛውም የግብርና ሠራተኛ ከገበሬዎች ፊት ሊያደርገው ይችላል፤ ገበሬውም በዓይኑ አይቶ የሚያምነው ልክ ነው።

በዛሬ ዘመን ከሳተላይት የሚነሣ ሥዕል ያለ ዋጋ ይገኛል። ሴንቲኔል የሚባለው ሳተላይት የሚያሳየው ነጠብጣብ ወርዱም ቁመቱም 10 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 1 ሔክታር 100 ነጠብጣብ ይሆናል። ላንድሳት የሚባለው ነጠብጣቡ 30 ሜትር ቢሆንም ዕድሜው ከ1964 ዓ.ም. ይጀምራልና የቀድሞውን ከአሁኑ ለማስተያየት ይጠቅማል። ለደጋ አገር ሥዕሉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው በጋ የተነሣ ቢሆን ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፥ አዝመራው ተሰብስቧል፥ ሣሩም ደርቋልና አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው በብዙው ዛፍ ነው። ነገር ግን ሦስት ስሕተት ይጠበቅ። በበጋ ፀሐይ ዘንበል ስለምትል በገደል ጥላ ውስጥ ያለው ደን ሊጠፋ ወይም ባዶው ደን ሊመስል ይችላል። ባሕር ዛፍና የአገር ዛፍ በሥዕሉ ተመሳስለው ይታያሉ፤ አምስት ዓመት የሞላው የባሕር ዛፍ ተክልና መቶ ዓመት የሞላው የጥድ ጫካ በአንድ ቀለም ተቀብተው በደን ተርታ ሲቆጠሩ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሦስተኛው አስታ ነው።

የአስታን ነገር ትንሽ እናስፋ፤ በሳይንትና በቦረና ደጋ ትልቅ ጥያቄ የሚነሣው በርሱ ነውና። አገራችን በ2007 ዓ.ም. በተቀበለችው ትርጓሜ ደን የሚባለው ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሔክታር፥ የዛፉ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፥ ጥላውም ከመሬቱ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሸፍን ሲሆን ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ልክ ግን 5 ሜትር ቁመት ይፈልግ ነበር። በአዲሱ ልክ 2 ሜትር የሆነው አስታ ደን ነው፤ በቀድሞው ቁጥቋጦ ነው። ለማገዶ ከተቆረጠና ከተቃጠለ በኋላ ከግንዱ የሚያቆጠቁጠው 1 ሜትር ተኩል አስታ ደግሞ በዛሬ ቁመቱ ከሁለቱም ልክ አይደርስም፤ ከብት ቢከለከልበትና ምሳር ቢነሣለት ግን በጥቂት ዓመት ደን ይሆናል። እንግዲህ ካርታው «ደን አይደለም» ስላለ ብቻ ያን መሬት ለእርሻ የሚያድል ሹም፥ የነገውን ደን በዛሬው ቁመቱ ፈረደበት ማለት ነው። ሁለት ወረዳዎች የደን ስፋት ሲያስተያዩም፥ በየትኛው ልክ እንደ ተቆጠረ አስቀድመው ይጠያየቁ።

በዚሁ አንጻር ስለ ቀድሞ ደን የሚነገረውን ቁጥር በጥንቃቄ መቀበል ያሻል። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል በብዙ ጽሑፍ ይገኛል፤ ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ሊቅ መሠረቱን መርምሮ ማስረጃ የሌለው ሆኖ አግኝቶታል። ዶናልድ ክራሚም በ1990 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በጣሊያን ዘመን በወሎ የተነሡትን ፎቶግራፎች በኋላ ከታየው ጋራ አስተያይቶ፥ በተነሡት ስፍራዎች ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኘውም፤ የበዛውም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን የምንጠቅሰው የአገር ደን አልጠፋም ለማለት አይደለም። ሹሙ ባላገሩን «አባቶቻችሁ ያቆዩትን ጫካ እናንተ ጨረሳችሁ» ብሎ ስብሰባ የከፈተ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌዎቹ በልጅነታቸው ያዩትን ባዶ ተራራ ስለሚያውቁ፥ ቀሪውን ነገሩን ሁሉ አያምኑትም።

ከካርታው ቀጥሎ የባላገሩ ቃል ይመጣል። በዚህ ረገድ የሚታየው ጉድለት ምክሩ ከቀበሌ ምክር ቤት አባሎች ጋራ ብቻ መሆኑ ነው። እነርሱ መጠራታቸው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ስለ ጫካው የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። የውሃውንና የጭራሮውን መንገድ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ ከብቱ በየወሩ የት እንደሚውል እረኞች ያውቃሉ፤ ቀፎ ሰቃዩ የሚያብበውን ዛፍ ከነወሩ ይናገራል፤ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢው የትኛው እንጨት እንደ ጠፋ ያውቃል። መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ ከጫካው በቀር ገቢ የሌለው ስለ ሆነ፥ በምክሩ ላይ ካልተገኘ በምሳሩ መልስ ይሰጣል። በወሎ ይህን ሁሉ ለመሰብሰብ የሚያገለግለው ቅሬ ነው፤ እስላምም ክርስቲያንም ሬሳውን የሚቀብርበት ማኅበር እንደ መሆኑ፥ ከቤት የቀረ ሰው ስለሌለበት፥ ጥሪውም የግብር ጥሪ ስለማይመስል። በቀድሞ ቂም የማይነጋገሩ ጎጦች ያሉ እንደ ሆነም አስቀድሞ አበጋሮችን ማስገባት መልካም ነው። ሴቶች በወንዶች ጉባኤ ላይ ዝም የሚሉ እንደ ሆነ ለብቻቸው ይጠየቁ፤ ጠያቂዋም ሴት ትሁን።

ስብሰባው በአዳራሽ ሳይሆን ተራራው ፊት ለፊት በሚታይበት ሜዳ ይሁን። ሰዎቹ ካርታውን በመሬት ላይ ይሥሩት፤ ወንዙን በዐመድ፥ መንገዱን በገመድ፥ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን በድንጋይ፥ ደኑን በቅጠል፥ ግጦሹን በጭድ እያደረጉ ያስቀምጡ። የባለሙያው ካርታ በዚህን ጊዜ ተጠቅልሎ ይቆይ፤ አስቀድሞ የተዘረጋ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ የተማረውን ሰው ወረቀት ያጸድቃል እንጂ የራሱን ነገር አያወጣም። የየጎጡ፥ የየምንጩና የየገደሉ ስም አንድም ሳይቀር ይጻፍ። መሬቱ ላይ የተሠራው ካርታ ከፍ ካለ ቦታ ፎቶግራፍ ይነሣ፥ በወረቀትም ይገልበጥ፤ ከዚያ በኋላ የሳተላይቱ ሥዕል ይዘርጋና ሁለቱ ይተያዩ።

የሚለያዩበት ስፍራ ሁሉ ይከበብ፤ የሥራው ፍሬ ያለው ከዚያ ነው። ሥዕሉ ባዶ ያለውን ሰዎቹ ደን ቢሉት፥ ምናልባት ከብት የተከለከለበት ቡቃያ አስታ ይሆናል፤ ሥዕሉ ደን ያለውን ሰዎቹ ማሳ ቢሉት፥ ምናልባት የአንድ ሰው ባሕር ዛፍ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አንዱ ወገን የወሉን መሬት በስውር እየገፋ ይሆናል። በማግስቱ ከሁለቱም ወገን ሰው ተመርጦ፥ የጎረቤት ቀበሌ ሽማግሌዎችም ተጠርተው፥ ወሰኑ በእግር ይዞር፤ በየመታጠፊያውም በጂፒኤስ ይመዝገብ። የእጅ ጂፒኤስ በሜዳ ላይ እስከ 5 ሜትር ያህል ቢሳሳት ነው፤ ከገደል ሥርና ከዛፍ ጥላ በታች ግን ስሕተቱ ከዚያ ብዙ ይበልጣልና፥ በዚያ ስፍራ ድንጋይ ተክሎ በምስክር ማስጻፍ ይሻላል።

በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬዎች የተሰጠው አረንጓዴ ደብተር በመጀመሪያው ደረጃ ካርታ የለውም፤ አዋሳኞቹን በስም ብቻ ይጠራል። «በምሥራቅ ደን ያዋስነዋል» ተብሎ የተጻፈ ማሳ፥ ደኑ ወደ ኋላ በሸሸ ቍጥር ማሳው አብሮ ይሰፋል፤ ደብተሩም አይቃወመውም። ስለዚህ ደን አዋሳኝ የሆኑት ደብተሮች ሁሉ ተለይተው ከሌላው ቀድመው በካርታ እንዲለኩ ወረዳው ቢያደርግ፥ ከብዙ የደን ጠባቂ ደመወዝ የሚበልጥ ጥቅም ያገኝበታል ብለን እናምናለን።

ወሰኑ ከታወቀ በኋላ ፍላጎቱ ይቈጠር። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ 400 ቤተ ሰብ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ በሳምንት 2 ሸክም ማገዶ ቢፈልግ በዓመት 41,600 ሸክም ይሆናል። ይህን ማን ያቀርባል ብሎ ያልጠየቀ ክልክል በሌሊት ይቆረጣል። መልሱ ከፊሉ በየማሳው ዳር ከሚተከለው ባሕር ዛፍ፥ ከፊሉ ማገዶ ከሚቆጥብ ምድጃ፥ ከፊሉም ከደኑ ከሚለቀመው ደረቅ እንጨት ሊመጣ ይችላል፤ ባሕር ዛፉ ግን ከምንጭ አጠገብ አይተከል። ግጦሹም እንዲሁ ነው፤ ክልክሉ ከተዘጋ በኋላ ሣሩ በማጭድ እየታጨደ ለሁሉም በልክ ቢከፋፈል፥ ከብቱ ከቤት ይበላል፥ ቡቃያውም ይተርፋል። የከብት ውሻ ወደ ደጋው የሚወጣበት ቀበሌ ካለም ውሾቹ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያገኙ ይደረግ፤ ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው ይህ በሽታ ነውና።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 1065 ደንን የግል፥ የማኅበረሰብ፥ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ከፍሎታል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1999 ዓ.ም. ዐዋጅ የግልና የመንግሥት ብቻ ብሎ ነበርና፥ አሁን ቀበሌ ወይም የተጠቃሚ ማኅበር ደንን በሕግ ሊይዝ ይችላል። በባሌ ወገን በአዳባና በዶዶላ በ1990ዎቹ የተሠራበት ስምምነት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ በዚያ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፥ ለእያንዳንዱም 12 ሔክታር ሲታሰብ የማኅበሩ ደን እስከ 360 ሔክታር ይሆናል፤ ማኅበሩ ደኑን ይጠብቃል፥ ጥቅሙንም ይወስዳል፤ ደኑ ከተመዘገበው ልክ የቀነሰ እንደ ሆነ ውሉ ይፈርሳል። የወሎ ደጋ ጠባብ ነውና 12 ሔክታር ለአንድ ቤት ማሰብ አይቻልም፤ ነገር ግን አባሎቹ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት ቁጥር መሆኑና በመጀመሪያ የተለካ ደን መኖሩ ሊቀዳ የሚገባው ነው። በሌላ አገር ኔፓል በተራራዋ ላይ ያለውን ደን በ1985 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ለመንደር ማኅበሮች ማስረከብ ጀምራለች።

ውሉ በአማርኛ፥ በአጭር ቃል፥ ሁሉም በሚሰማው አነጋገር ይጻፍ፤ ከመፈረሙ በፊትም በጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበብ። በውስጡም ከካርታው ጋራ እነዚህ ይግቡ፤ ማን አባል እንደ ሆነ፥ ምን በየትኛው ወር እንደሚቆረጥና እንደሚታጨድ፥ መቀጮው ስንት እንደ ሆነና ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ፥ አባል ያልሆነ ጎረቤት ምን እንደሚፈቀድለት። መቀጮው በሙሉ ወደ ወረዳ ግምጃ ቤት የሚሄድ ከሆነ ማንም ወንድሙን አይከስም፤ ለማኅበሩ ሣጥን የሚገባ ድርሻ ይኑረው። ውሉ በአራት ተገልብጦ አንዱ ለማኅበሩ፥ አንዱ ለቀበሌው፥ አንዱ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፥ አንዱም ለፍርድ ቤት ይሰጥ፤ ሹም ሲለወጥ የሚጠፋው ወረቀት በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠው ነው።

ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፥ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ወራት ይሁን፤ ገበሬው በዚያን ጊዜ ፋታ አለው፥ ወሰኑም በሣር አይሸፈንም። ረመዳንና ዐቢይ ጾም የሚገቡበት ቀን አስቀድሞ ይታይ፤ በጾም ቀትር ተራራ የሚዞር ሽማግሌ ፈርሞ ለመገላገል ይቸኩላልና። በየዓመቱም በኅዳር ወር ማኅበሩና የግብርና ሠራተኛው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዞረው ይቁጠሩ፤ የጎደለው ድንጋይ በማን ማሳ ፊት እንደ ጎደለ በመዝገብ ላይ ይጻፍ፤ መዝገቡም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በዚያው ወር ይድረስ።